ከዝናብ በኋላ የበቀለ ማሽላ

በዚያ ዓመት የቆቦ ሰው ዝናብ ሲለምን ከረመ። ማሽላው ጉልበት ድረስ አድጎ ሳለ ሰማዩ ተዘጋ። ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ ከዋጃ እስከ ሮቢት ሜዳው አመድ መሰለ። ደብሪቱም ከሌላው ምእመን ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተንበርክካ ለመነች። መስከረም ከገባ በኋላ ዝናቡ ሲወርድ አገሩ ሁሉ እልል አለ፤ እሷም እልል አለች። ከደረቀው አገዳ ሥር ለጋ ቡቃያ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ግን እልል ማለቷን ተወች።

ያንን አረንጓዴ ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች፣ እንዲሁ ከድርቅ በኋላ ዘንቦ፣ የአባቷ ላሞች እንዲህ ያለ ማሽላ ውስጥ ገቡና ቅጠሉ ከአፋቸው ሳይወርድ ወደቁ። አባቷ፣ «ማሽላ ውኃ ሲጠማው መርዝ ይይዛል፤ ሲያሽት ይለቀዋል» ብሎ ነገራት። ከዚያ በላይ ያስረዳት ሰው የለም።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ደብሪቱ የምትኖረው በአንዲት ላም ነው። ዳልቻ የምትባለው ይህች ላም ደግሞ የራሷ አይደለችም፤ የባሏ ታላቅ ወንድም ካሳ በርቢ የሰጣት ናት። ወተቱ ለምታረባው ለደብሪቱ ነው፤ ጥጆቹን ተራ በተራ ይካፈላሉ። የፊተኛው ጥጃ ለካሳ ሄዷል። በነሐሴ የተወለደችው የደብሪቱ ናት፤ በዕድሜዋ የራሴ ያለቻት የመጀመሪያዋ ከብት።

አያያዟ ሰፈሩን ያስገርም ነበር። ዳልቻ የወለደች ቀን ጎረቤቱ እንገር ሲጠብቅ፣ ደብሪቱ ሁሉንም ለጥጃዋ አጠባችው።

«እንገር እንኳ ሳታቀምሺን?» ብላ ተቆጣች የአጥር ጎረቤቷ ሳሊሀ።

«አንቺማ ጥርስ አለሽ፤ አገዳ ቆርጥሚ» አለቻት።

ስታልብ አንዱን ጡት ሳትነካ ለጥጃዋ ትተዋለች። መዥገር በጣቷ ትለቅማለች። የአምናውን ደረቅ አገዳ እንደ ሌላው ሰው መሬት ላይ አትበትነውም፤ ከትፋ፣ ጨው የገባበት ውኃ ረጭታ፣ ከገንዳ ታቀርበዋለች። የበለስ ቅጠል እሾሁን በእሳት ለብልባ ትጨምርበታለች፤ ከጠላ ቤት አተላ ትለምናለች። ላሟም በዚያ ድርቅ ወተቷ ሳይነጥፍ ቆየች።

አሁን ግን ያከማቸችው አገዳ ሊያልቅ ነው። የዳልቻ ጎድን ይቆጠራል። ጥጃዋ ጡቱን በግንባሯ እየጎሸመች ትፈልጋለች፤ የሚወርድላት ጥቂት ነው። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ያ አረንጓዴ በየቀኑ ይረዝማል፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ጣፋጭ ሽታ ያመጣል። ዳልቻ ገመዷን ወጥራ ወደዚያው ስታይ ትውላለች።

«ደብሬ፣ ለምነሽ ለምነሽ አላህ ሲሰጥሽ በር ትዘጊበታለሽ?» አለች ሳሊሀ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ። «ፍየሎቼ ቀምሰውት ነበር፤ ወላሂ ምንም አልሆኑ!»

«ያንቺ ፍየሎች ምስማርም ቢበሉ ምንም አይሆኑ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳሊሀ ስትገባ ግን ደብሪቱ ብቻዋን ቀረችና ሳቋ ጠፋ። «ጌታዬ፣ የሰጠኸኝን ንቄ እንደሆን ንገረኝ» አለች። የሰማችው የጥጃዋን እምቧ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ካሳ መጣ። ላሟን ከፊት ከኋላ ዞሮ አየ።

«አንቺ፣ ላሜን በቁሟ ልትቀብሪያት ነው?»

«ጋሼ፣ ማሽላው እስኪያሽት ይታገሡኝ።»

«እስኪያሽት የአጥንት ክምር ትሆናለች! እኔ በሬዎቼን አሁን ማሳው ውስጥ ለቅቄ ነው የመጣሁት። እግዜር ያበቀለውን የምትፈሪ አንቺ ማን ነሽ?»

ገመዱን መፍታት ጀመረ። ደብሪቱ ልትይዘው እጇን ዘረጋችና መለሰችው፤ ላሟ የእሱ ናት። ዳልቻ ከሞተች ግን ጥጃዋም ሳትጠባ ታልቃለች።

«እንግዲያው በባዶ ሆዷ አይውሰዷት። ያለችኝን አገዳ ትጨርስና ውኃ ትጠጣ። ከጠገበች ትንሽ ነው የምትቀምሰው። ስለ ወንድምዎ ብለው።»

ካሳ እያጉረመረመ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ደብሪቱ የቀረውን አገዳ በሙሉ ከትፋ አቀረበች። ለነገ የሚሆን አላስቀረችም። ዳልቻ ቀስ ብላ አኘከች፤ ካሳ በከዘራው መሬቱን ይመታል፤ ፀሐይዋ ከፍ አለች።

ወደ ካሳ ማሳ ሲወርዱ ጥጃዋ ከኋላ ተከተለች። ዳልቻ አረንጓዴውን ስታይ ገመዱን ጎተተች። ካሳ፣ «አየሽ፣ አውቃለች!» እያለ ሊለቃት ሲል ቆመ።

አንደኛው በሬ ማሳው መካከል በጎኑ ተኝቷል። አንገቱ ተዘርግቷል፤ አፉ ላይ አረፋ አለ። ሌላው እግሮቹን አንፈራጦ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያለከልካል።

«ተኝቶ… ተኝቶ ነው እንጂ» አለ ካሳ።

ደብሪቱ ገመዱን ከእጁ ወሰደች። ካሳ መወሰዱንም አላወቀም። ዳልቻን ከግራር ጋር አሳጥራ አሠረችና ወደ ማሳው ገባች።

«ይምጡ፣ ያግዙኝ! አያስሩጡት፣ ቀስ አድርገን እናውጣው!»

እየገፉ፣ እያባበሉ፣ ቆሞ የቀረውን በሬ ወደ ባዶው መሬት አወጡት። እዚያም ቆመ፤ ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ካሳ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ይተርፋል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጋሼ። እስካሁን ቆሟል፤ ተመስገን ነው።»

ካሳ ቀና ብሎ ዳልቻን አየ። ጥጃዋ ከሥሯ ገብታ ትጠባለች።

«ውሰጃት» አለ። «ካንቺው ጋር ትቆይ። የኔን አገዳ እጭንልሻለሁ።»

ደብሪቱ ልታመሰግነው አፏን ስትከፍት ከሮቢት በኩል የከብት ኮቴና የእረኞች ዘፈን ሰማች። መንጋው አቧራውን እያስነሣ ወደ አረንጓዴው ማሳ ይወርዳል። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ እያውለበለበች፣ «መልሱ! ስለ ማርያም መልሱ!» እያለች በማሽላው ውስጥ ሮጠች። ዘፈኑ ግን አልቆመም።