እህቴ ያለሰለሰችው ደብዳቤ

እህቴ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ጥፋት እንድሠራ የጠየቀችኝ። ጥፋት ስል ሰው መግደል አይደለም፤ ከሰው ፋይል ውስጥ አንዲት ገጽ ማውጣት ነው።

እሷ አራሚ ናት። ሃያ ሦስት ዓመት የሌላ ሰው ጽሑፍ ስታቀና ኖራለች፤ የእኔን የሠርግ መጥሪያ እንኳ በቀይ እስክሪብቶ ሞልታ ነው የመለሰችልኝ። እኔ ታናሿ፣ የአዳራሽ ድምፅና ምስል ባለሙያ ነኝ። እሷ ረጋ ያለች ናት፤ እኔ ቶሎ ቱግ የምል ነኝ።

የምትሠራው በውሃ ተመራማሪዎች ማኅበር ውስጥ ነው። አባላቱ በኢሜይል የሚከራከሩበት መድረክ አላቸው፤ አንዱ የጻፈው ለአራት መቶ ሰው ይደርሳል። ምሁር ሲባል ጨዋ ይመስላችኋል። እነዚህ ግን "ውሃ ቀጠነ" ብሎ መጣላት ተረት ሳይሆን ሥራቸው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት አንጋፋ ሰዎች ስለ አንድ ሐይቅ ጥልቀት ተሰዳድበው፣ በሳምንት ውስጥ አርባ አባል ጥሎ ወጣ። ሊቀመንበሩ እህቴን ጠርተው "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በር ጠባቂዋ አንቺ ነሽ፤ ሌላ እንዲህ ያለ ጠብ ከተነሣ መድረኩን እዘጋዋለሁ" አሏት።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ሁሉ ቀድሞ እሷ ጋ ይደርሳል። ኮምፒውተሯ ላይ ሦስት ምርጫ አለ፦ አሳልፍ፣ መልስ፣ አርም። ሦስተኛው ለፊደል ግድፈት ነው። ግን ለአራሚ "አርም" የሚል ቁልፍ መስጠት ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት ነው።

መዶሻው ባይኖሩ ምናልባት ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። መዶሻው የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። አንቱ የተባሉ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ስለ ጉድጓድ ውሃ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ምላሳቸው ግን ምላጭ ነው። አንድ ቀን እህቴ "እባክዎ ስድቡን ያውጡልኝ" ብላ ደብዳቤያቸውን ብትመልስ፣ ደውለው ግማሽ ሰዓት ጮኹባት። በሚቀጥለው ጊዜ አልመለሰችም። "ደደብ" የምትለዋን ቃል ብቻ አውጥታ አሳለፈችው። ማንም አላወቀም፤ መዶሻው የሚያነቡት የሰውን መልስ እንጂ የላኩትን አይደለም። ዛሬ ቃል፣ ነገ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ አንቀጽ እያለች ሰባት ዓመት ሄደች። መድረኩ ሰላም ሆነ። መዶሻውም "ሰዉ አሁን አሁን ቁም ነገር መስማት ጀምሯል" ይሉ ነበር አሉ!

እኔ ያወቅኩት በዓመታዊው ጉባኤ ጠዋት ነው። አዳራሹ ገና ባዶ ነበር፤ የተናጋሪዎቹን ፋይል እየከፈትኩ ስክሪኑ ላይ እሞክራለሁ። እህቴ የእንግዶችን ባጅ ይዛ ገባች። የአንዲት ወጣት ተመራማሪ ፋይል ስከፍት፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ እንዲህ የሚል መጣ፦ "ጥሩ ጅምር ነው። የተለካበት ወቅት ምናልባት ቢታሰብበት መልካም ነው። በርቺ።" ከሥሩ የመዶሻው ስም አለ። ልጅቷ ደግሞ "ያበረታኝ ቃል" ብላ ጨምራበታለች።

"መዶሻውም ሰው ሆኑ!" ብዬ ሳቅኩ።

እህቴ አልሳቀችም። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ያቺን ገጽ አውጣት" አለችኝ።

"የሰው ፋይል ምን ቤት ነኝና አወጣለሁ?"

"አውጣት አልኩህ! እሳቸው ከፊት ነው የሚቀመጡት።"

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ኮምፒውተሩ ዋናውን ደብዳቤ ስለማይጥል፣ ስልኳ ላይ ከፍታ አሳየችኝ። ልጅቷ ከሁለት ዓመት በፊት የስልሳ ጉድጓዶችን የውሃ መጠን ለክታ "አስተያየት ስጡኝ" ብላ ነበር። መዶሻው የጻፉላት ይህን ነው፦

"ይህ ጥናት ሳይሆን የሰነፍ የቤት ሥራ ነው። ስልሳውንም ጉድጓድ የለካሽው በዝናብ ማግስት ነው፤ ቁጥሩ ለምንም አይሆንም። ጥለሽው በደረቁ ወራት እንደገና ለኪ። ካልቻልሽ ሙያ ቀይሪ።"

"ስድቡን አወጣሽ፣ ይሁን" አልኳት። "ግን እትዬ፣ 'እንደገና ለኪ' የሚለው የት ገባ?"

"ሻካራ ነበር" አለች። "የልጅቷ የመጀመሪያ ደብዳቤዋ ነው። ደንግጣ እንዳትሸሽ ብዬ ነው።"

የቀሩትን ገጾች ገለጥኩ። እነዚያው ስልሳ ጉድጓዶች በየገጹ አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሌቷን ሁሉ እነሱ ላይ ገንብታለች፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ለዶክትሬት ፈተና እንደምትቀርብ ጽፋለች። ገጿን ባወጣት እህቴ ትድናለች፤ ልጅቷ ግን አትድንም። መዶሻው ቁጥሮቹን ሲያዩ ብድግ ብለው "ነግሬሽ አልነበረም ወይ?" ብለው ሁለት መቶ ሰው ፊት ያደቋታል። ምን እንደነገሯት እንኳ አታውቅም።

ሰው መግባት ጀመረ።

"ወስኚ" አልኳት፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ሆኖ። ልዋሽ አልፈልግም፤ አውጣ ብትለኝ አወጣት ነበር። እህቴ ናት፤ ከዚህ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

በሩን አየች፣ ስክሪኑን አየች። "ተዋት" አለችና ወደ ቢሮ ሮጠች። ዋናውን ደብዳቤ አትማ ተመለሰች።

የእኔ ጠረጴዛ በሩ አጠገብ ስለሆነ ኮሪደሩ ይታየኛል፣ ይሰማኛልም። እህቴ ልጅቷን እዚያ አግኝታ ያደረገችውን ነገረቻትና ወረቀቱን ሰጠቻት። ልጅቷ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም።

"ሌላ ማን ያውቃል?" አለች።

"እኔና ወንድሜ ብቻ።"

"እሳቸውስ?"

"እሳቸው የጻፉት እንዳለ የደረሰሽ ነው የሚመስላቸው።"

ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ወደ እኔ መጣች። "ይህን ከመጀመሪያው ገጽ ቀጥሎ ያስገቡልኝ" አለችኝ፤ ድምጿ ደረቅ ነበር። አስገባሁላት።

ተራዋ ደርሶ መድረክ ላይ ወጣች። የመጀመሪያው ገጽ እንደታየ መዶሻው መነጽራቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

"ይቅርታ! ይህን እኔ አልጻፍኩም!"

"አውቃለሁ፣ ፕሮፌሰር። እርስዎ የጻፉት ቀጥሎ ያለው ነው።" በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ቁልፉን ተጫንኩ።

መዶሻው ቆመው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ የራሳቸውን ደብዳቤ አነበቡ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት።"

"ስለ ወቅቱ ያልኩት ትክክል ነው" አሉ። "ሌላው ግን..." ብለው ሳይጨርሱ ተቀመጡ።

"ትክክል ነዎት" አለች ልጅቷ። "ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው ውጤት የለኝም። ስልሳውም ጉድጓድ እንደገና ይለካል። ይህን ያወቅኩት አሁን ልገባ ስል ነው።" ወረቀቷን ሰብስባ ወረደች። ያጨበጨበ የለም።

ሊቀመንበሩ ማይኩን ይዘው "ማነው የለወጠው?" አሉ። እህቴ ከኋላ እጇን አወጣች። "እኔ ነኝ። ይህን ብቻም አይደለም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳደርገው ነበር።" ሁለት መቶ አንገት ዞረባት። በዚያች ደቂቃ አዳራሹን ሙሉ በጥፊ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን ጥፋተኛዋ እሷው ነበረች።

በሻይ ሰዓት ሊቀመንበሩ የመድረኩን የይለፍ ቃል እንድታስረክብ አዘዟት። መዶሻው ሰምተው መጡ።

"ለማን ልትሰጡት ነው? የእኔን ደብዳቤ የሚደፍር ሌላ ማን አለ? ትቆይ። ብቻ ከእንግዲህ ትመልስልኝ እንጂ አታርመኝ።"

"ስመልስልዎት ይጮኹብኛል" አለቻቸው እህቴ።

"እጮኻለሁ። አንቺም እንደገና መልሺው።"

ሊቀመንበሩ "እናስብበታለን" ብለው ሄዱ።

ልጅቷን ያገኘናት ውጪ ደረጃው ላይ፣ ቦርሳዋን ይዛ ታክሲ ስትጠብቅ ነው። እህቴ ቀረብ አለቻት።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ። እንዳይጎዱሽ ብዬ ነው።"

ልጅቷ ብትቆጣ በተሻለ ነበር፤ አልተቆጣችም።

"ስድቡንማ አንድ ሳምንት አልቅሼ እረሳው ነበር" አለች። "ተነሥቼም እለካ ነበር። አሁን ለሁለት ዓመቱ ምን ልሁን?"

ታክሲው መጥቶ ገባች።