ብረት የፈጨሁበት ክረምት

አባቴ መካነ ሰላም ውስጥ የናፍጣ ወፍጮ ነበረው። እኔ ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪዬ አዲስ አበባ ተቀምጬ ብረት እፈጭ ነበር። መጀመሪያ ስነግረው የቀለድኩበት መስሎት ተቆጣ።

«ደግሞ ብረት ማን ይበላዋል?» አለኝ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። የማግኒዥየም ዱቄትና ጥቂት ኒኬል ከብረት ኳሶች ጋር ወፍራም ጣሳ ውስጥ እንጨምራለን፤ አየር እንዳይገባ አርጎን ጋዝ ሞልተን እናሽገዋለን። ማሽኑ ጣሳውን ሲያሽከረክረው ኳሶቹ ዱቄቱን እየደቆሱ ያልሙታል። በደንብ የላመ ዱቄት ሃይድሮጂን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ይመጥጣል፤ ሲያሞቁት መልሶ ይተፋዋል። ነዳጅ ማስቀመጫ ነው አልኩት፣ ይኼኔ ቁጣው በረደ። በክረምት መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ ናፍጣ የጫነው መኪና አይመጣም። ሴቶቹ እህላቸውን እንዳዘሉ ይመለሳሉ፣ እሱም ከተዘጋው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ያያል።

«ታዲያ ወፍጮ ያዞራል?»

«ኢንሻአላህ፣ አንድ ቀን።»

ከዚያ ወዲህ በስልክ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ደህና ነህ ወይ ከማለቱ በፊት «ላመልህ?» ይለኛል።

በመጨረሻው ክረምት ስልኩን የምታነሳው እናቴ ሆነች። ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል አለችኝ። ሌላ ጊዜ ስደውል መስጊድ ሄዷል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ተኝቷል። እኔም አመንኩ፤ የራሴ ጭንቀት ይበቃኝ ነበር። ዱቄቱ ከጣሳውና ከኳሶቹ ላይ እየተጋገረ፣ የተረፈውም ጋዙን አልቀበል እያለ አንገሸገሸኝ። ትቼው አገሬ ልግባ አልኳት።

«አባትህ ‹ካልላመለት ድንጋዩን ይውቀረው› ብሏል» አለችኝ።

የእኔ ማሽን እንደ አባቴ ወፍጮ ሲደንዝ በመዶሻ የሚወቀር ድንጋይ የለውም። ግን አባባሉ የእሱ ነውና ከት ብዬ ሳቅሁ፣ ጓደኞቼንም አሳቅኋቸው። በማግስቱ ጣሳውን አጥቤ እንደገና ጀመርኩ። ከብዙ ልፋት በኋላ ዱቄቱ ጋዙን ተቀበለ፣ ጽሑፌንም አቅርቤ አለፍኩ።

መካነ ሰላም ስደርስ አጎቴ መናኸሪያ ይጠብቀኝ ነበር። ሻንጣዬን ተቀበለኝና ወደ ቤታችን በሚያስገባው መንገድ ሳይሆን ወደ ጎረቤት ቤት ይዞኝ ሄደ። የአገሬን ልማድ አውቃለሁ፤ እንግዳ ከገዛ ቤቱ በፊት ጎረቤት ቤት ከገባ መርዶ አለ። ውስጥ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር።

«የአላህ ሥራ ነው ልጄ» አሉኝ አንዱ። «ትምህርትህ እንዳይበላሽ ብለን ነው የደበቅንህ።»

አባቴ የተቀበረው ክረምቱ ሲገባ ነበር። ለእኔ ብለው እንዳደረጉት አይጠፋኝም፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አገር ሲያለቅስ እኔ ስስቅ ከረምኩ።

ቤት ገብቼ፣ ለቅሶው ጋብ ሲል፣ እናቴን ጠየቅኋት።

«‹ብሏል› እያልሽ የነገርሽኝስ?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ምን እንደሚል አጥቼው ነው? መጀመሪያ አንተን ለማበርታት ነበር።» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «በኋላማ፣ አንተ ስትስቅ እሱ ያለ እየመሰለኝ ነው።»