ወፍ የለም ያልኩበት ስንዴ

አቃቂ ከአሮጌው ሐዲድ ጀርባ ያለ የእህል መጋዘን የገባሁ ዕለት አንድ ጅራፍ ተሰጠኝ። ሥራዬ ወፍ ማባረር ነበር። እናቴ ስትሰማ፣ «ከማማ ላይ አውርጄ ያስተማርኩህ፣ መልሰህ ወፍ ልትጠብቅ ነው?» አለችኝ። «ይኼኛው መታወቂያ አለው» አልኳት።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ሸምሱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ሊቆልፉ ሲመጡ «እህሳ?» ይሉኛል። «ወፍ የለም» እላለሁ። ሪፖርታችን ይኸው ነበር። ከኋላዬ ድንቢጥ እየተንጫጫ ሳይቀር ብያቸዋለሁ።

አንድ ቀን ሁለት ነጋዴዎች ያመጡት ስንዴ እርጥበት እንዲለቀው ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ ተሰጣ፤ የአንዱ በግራ፣ የሌላው በቀኝ። ጋሽ ሸምሱ ሁለቱንም ፈርመው ሊረከቡ ነው። አንዴ ከተፈረመ መመለስ የለም፤ እህሉ መጥፎ ከሆነ ከሥራ የሚሰናበቱት እሳቸው ናቸው።

የግራው ላይ ወፍ እንደ ሠርግ ቤት ሞልቷል። ጅራፌን ሳጮህ ይነሳል፣ ይዞራል፣ እዚያው ያርፋል። ቀኙ ጋ ግን ዝር የሚል የለም። ኮራሁ።

«ጋሼ፣ በቀኙ ወፍ የለም። ጅራፌን ፈርተው ነው።»

እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ቆም አሉ። «አንተ፣ ጅራፍህ ለቀኙ ብቻ ነው እንዴ የሚጮኸው?»

ጅራፌን አስቀምጬ ወደ ቀኙ ሸራ ሄድኩ፤ እሳቸውም ተከተሉኝ።

ቁጢጥ ብለን ማየት ጀመርን። የቀኙ ስንዴ ባለቤት ከኋላችን ይቁነጠነጣል። አንዲት ድንቢጥ መጣች። አንድ ፍሬ አነሳች፣ በምንቃሯ አገላበጠች፣ ጣለች። ሌላ አነሳች፣ ጣለች። አራተኛው ላይ ሰልችቷት ወደ ግራው በረረች።

«ጋሼ፣ ጥራት የሚያየው ወፍ ሆነ እንዴ አሁን?» አለ ነጋዴው።

«እኛ ካላየን ምን ታድርግ» አሉት።

የጣለቻቸውን ለቅሜ ነከስኩ። ውስጣቸው ብናኝ ነው፤ ነቀዝ ጨርሷቸዋል። ከውጭ የሚታየው የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ። እሷ ቅልለቱን በምንቃሯ ለክታ ነው የተወችው። ጋሽ ሸምሱ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ስንዴው በመጣበት አይሱዙ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ያዘኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ላይ እህል እየበተንኩ አያለሁ። እርግብ በቆሎውን እንዳለ ትውጠዋለች። ድንቢጥ ግን እሱን ስትፈረክስ አትውልም፤ ቶሎ ፈልፍላ የምትጨርሰውን ትመርጣለች። ነጭ ማሽላ እያለ ቀዩን አይነኩም፣ ይመራል። ነጩ ሲያልቅ ቀዩም ይበላል። እኔም ምግብ ቤት ገብቼ «ጥብስ አልቋል» ስባል እንደዚያው ነኝ።

የግቢው ሰው «ወፍ አባራሪው ወፍ ቀላቢ ሆነ» እያለ ሳቀብኝ። ወሬው ጋሽ ሸምሱ ጆሮ ደረሰ። አስጠሩኝና «ጅራፉን አስረክብ» አሉኝ። የተባረርኩ መስሎኝ መታወቂያዬንም አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«እሱን ያዘው» ብለው፣ ጆንያ ወግቶ ናሙና የሚያወጣውን ብረት ሰጡኝ። «ካሁን በኋላ አንተም እንደ ድንቢጧ መርጠህ ጣል።»

ይኸው ዛሬም ጆንያ እወጋለሁ። አዲስ ለሚገቡ ልጆች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ወፍ የለም ካላችሁ፣ ለምን እንደሌለ ሄዳችሁ እዩ።