ዳኛው ሶኬቱን ነቅሎ ነበር

ኢልሃም ዐብዱረሕማን ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። እኔም እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የማውቃትም በሥራ ነው። ተማሪ ሲያጠፋ አትጮህበትም። አጠገቧ ታስቆመውና «በል፣ የሆነውን ንገረኝ» ብላ ዝም ትላለች። ልጁ ካልተናገረ ደወል እስኪደወል አብራው ትቆማለች። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ የገባኝ በ2006 ዓ.ም. ክረምት ይህን ታሪክ ከነገረችኝ ወዲህ ነው።

አባቷ ሐጂ ዐብዱረሕማን ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። በረንዳው ላይ ዳኛው የሚባል ልብስ ሰፊ መኪናውን ዘርግቶ ይሠራ ነበር። ዳኛው የኮላ ድባ አካባቢ ሰው ነው። ወታደር ሆኖ ስምንት ዓመት ኤርትራ ቆየ፤ በ1983 ጦሩ ሲበተን በእግሩ ሱዳን ገባ፤ ስፌትም የተማረው እዚያ መጠለያ ውስጥ ነው። በመተማ በኩል ጎንደር ሲደርስ ሥራ የሚሰጠው አላገኘም። ወታደር ነበርኩ ያለ ሁሉ በዚያ ጊዜ በጥርጣሬ ነበር የሚታየው። ሐጂ ግን «ከኔ ጨርቅ የገዛ ካንተ ያሰፋል» ብለው በረንዳውን ሰጡት።

በ1987 የኢልሃም አጎት ከጂዳ ቲቪ ጌም ይዞላት መጣ። እናቷ ትምህርቷን ያስጥላታል ብላ ቤት አላስገባ ስላለች፣ ቴሌቪዥኑ ባለበት በሱቁ ጓዳ ውስጥ ተቀመጠ። ሐጂም እሳቸው በሌሉበት ማንም እንዳይነካው አዘዙ።

ካሴቱ አንድ ብቻ ነው፤ ቢጫ። ውስጡ ያለው ጨዋታ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ፣ በትከሻው ከረጢት ያነገተ አንድ ትንሽ ሰውዬ በጫካና በዋሻ፣ በወንዝና በመንደር እያለፈ የሚሄድበት ነው። በእጁ በትር አለው። መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሰዎች በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ያወራሉ። የአሥራ አንድ ዓመቷ ኢልሃም የፊደሉን ስም እንጂ ንግግሩን አታውቀውም፤ ስለዚህ መንገድ የዘጋባትን ሰው ሁሉ በበትሩ ትደበድበው ነበር።

ለዙሁር፣ ለቀትር ሶላት፣ ሱቁ ሲዘጋ ሐጂ ሰግደው ምሳቸውን ቤት ይበላሉ። ዳኛው ምሳውን ቋጥሮ ስለሚመጣ በረንዳውን እየጠበቀ ይቆያል። ኢልሃም የከሰዓት ተማሪ ነበረች፤ በጓሮ በር ትገባና ድምፁን ዝቅ አድርጋ ትጫወታለች። አንድ ቀን ዳኛው ውሃ ሊጠጣ ገብቶ አገኛት። ትናገርብኛለህ ብላ ስትደነግጥ እሱ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሣም።

«ይኸ ሰውዬ ወዴት ነው የሚሄድ?» አላት።

«ወርቅ ፍለጋ» አለች፣ የመሰላትን።

ትንሽ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ወርቅ የሚፈልግ ሰው አካሄዱ እንዲህ አይደለም። ይኸ ሰው ቤቱን ነው የሚፈልግ።»

ኢልሃም ሳቀችበት። ጆይስቲኩን ግን ሰጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት የሁለቱ ሆነ። ዳኛው አጨዋወቱ ይለያል። ሰው ሲያገኝ በትሩን አያነሣም፤ ፊት ለፊቱ ያቆመውና ጽሑፉ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

«አያ ዳኛው፣ ምነው ትቆማለህ? አይገባህ!» ትለዋለች።

«ባይገባኝስ? ሰው እያናገረሽ ጥለሽው ትሄጃለሽ?»

በእሱ እጅ ሰውዬው ከቀን ቀን ርቆ ሄደ። ጨዋታው ሲቋረጥ አሥራ ሁለት ፊደል ይሰጣል፤ በማግስቱ ካቆሙበት ለመቀጠል እነዚያኑ ፊደሎች መልሶ ማስገባት ያስፈልጋል። ዳኛው እንግሊዝኛ ሳያውቅ፣ ፊደሎቹን እንደ ሥዕል እያየ በልብስ ሰፊ ጠመኔ በገበር ቁራጭ ላይ ይገለብጣቸው ነበር። አንድም ቀን አልተሳሳተም። ስለ ጦርነቱ አያወራም፤ ሲጫወት ግን ፊቱ ይፈታ ነበር አለችኝ።

በ1988 ጥቅምት ውስጥ አንድ ትልቅ ወንዝ ጋ ደረሱ። አንዲት አሮጊት ከወንዙ ዳር ቆማለች፤ መሻገሪያ የለም። አንድ ረቡዕ ዳኛው ሲሞክር ቆይቶ ተነሣ። አጥፍቶ ሶኬቱን ነቀለና «ነቅያታለሁ፣ ትቀዝቀዝ። አንቺም ትምህርትሽ እንዳያልፍሽ» ብሏት ወደ መኪናው ተመለሰ።

ኢልሃም ወንዙን ብቻዋን ተሻግራ ልታስደንቀው ፈለገች። መልሳ ሰካችው። ብዙም ሳትቆይ የአባቷን ሳል ከደጅ ሰማች። ቴሌቪዥኑን አጠፋች፤ የጌሙን ዕቃ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ከነአዳፕተሩ ግድግዳው ጥግ ገፋችውና ሁለት ጣቃ ጨርቅ ደረበችበት። በጓሮ በር ወጥታ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች።

ስትመለስ ሱቁ ፊት ሰው ተሰብስቧል። ውሃ በበረንዳው ላይ ይፈሳል። አዳፕተሩ ግሎ ጨርቁን አቃጥሎታል፤ እሳቱ ጓዳውን ሳያልፍ ቢጠፋም ከጂዳ የመጡ ስድስት ጣቃ ጨርቆች ነድደዋል፤ ቴሌቪዥኑም ቀልጧል። የሐጂ ሱሪ እስከ ጉልበታቸው ረጥቧል።

«ይህን ዕቃ ማን ነው የነካው?» አሉ ሐጂ።

ኢልሃም ፈጥና «አያ ዳኛው ምሳ ሰዓት ላይ ሲጫወት ነበር» አለች።

ዳኛው እጁ ጥላሸት ሆኗል፤ ውሃ ሲደፋ የነበረው እሱ ነው። «ነክቻለሁ ሐጂ፤ አልዋሽም። ግን ነቅያት...» ብሎ ጀመረና ኢልሃምን አያት። እሷ መሬት መሬት አየች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የነቀልኳት መስሎኝ ነበር» አለ።

ሐጂ አልተሳደቡም። «ዳኛው፣ መኪናህን ውሰድ» ብቻ አሉት። በማግስቱ ጠዋት መኪናውን ጋሪ ላይ ጭኖ ሄደ። ለኢልሃም ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት። ያ ሰላምታ ነበር ለዓመታት ያቃጠላት። ያየኝና የተወኝ አውቆ ነው፣ እኔን ለማዳን ነው ጥፋቱን የተሸከመው ብላ አመነች። አድጋ፣ ባሕር ዳር ተምራ፣ ተድራ፣ ወልዳም አልተናገረችም። አንድ ደግ ሰው ሸፍኖኛል የሚለው ሐሳብ፣ እንዳለችኝ፣ በደሏን ትንሽ ያለሰልስላት ነበር።

በ2006 ክረምት የድሮ ጨዋታዎች የሞሉበት ፍላሽ ያዋስኳት እኔ ነኝ። ለጊዜ ማሳለፊያ ብዬ ነበር። ሰማያዊ ካፖርት የለበሰውን ሰውዬ እዚያ ውስጥ አገኘችው።

በሁለት ዝናባማ ከሰዓት ጨረሰችው። ያን ሁሉ ወር የፈጀባቸው ጫካ ጥቂት ዛፍ ነው። ዋሻው አራት ክፍል ብቻ ነው። አሁን ግን ጽሑፉን ማንበብ ትችላለች። ሰውዬው መጀመሪያ የሚያገኘው ሽማግሌ፣ እሷ ሁልጊዜ በበትር የምትመታው፣ «ጦርነቱ አብቅቷል። ጓደኞችህ ሄደዋል። አንተም ወደ ቤትህ ግባ» ነበር የሚለው። የወንዝ ዳሯ አሮጊት «ከዚያ ስትመጣ ልጄን አይተኸዋል?» ብላ ትጀምርና ስለ ልጇ ብዙ ታወራለች። ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻ ለሰማት ድልድዩን ታወርድለታለች። ጨዋታው ውስጥ ወርቅ የሚባል ነገር የለም።

በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ መጣ። «አንድ ቃል ሳያነብ ገብቶት ነበር» አለች። ከዚያ የሱቁንም ነገር ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ አቋርጣ ነው የጨረሰችው።

ዳኛውን መፈለግ ጀመረች። ቅዳሜ ገበያ የቀሩ ልብስ ሰፊዎች ማክሰኝት እንደሚኖር ነገሯት። በሳምንቱ በሚኒባስ ሄደች። እህል በረንዳው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል፣ መነጽር አድርጎ፣ ጠጉሩ ሸብቶ፣ እዚያችው መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘችው።

«አያ ዳኛው፣ ኢልሃም ነኝ። የሐጂ ዐብዱረሕማን ልጅ።»

ብድግ ብሎ ትከሻዋን ያዘ። «ኢልሃምዬ! አንቺ ነሽ? እንዴት ያለሽ ሸጋ ሴት ወጣሽ!» ሚስቱን ይመኙሽን ጠራ። ወንበር ጠራረገላት። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋና «ሐጂ ደህና ናቸው? ለመጠየቅ ስንት ጊዜ አስቤ ነበር። ጨርቃቸውን ካቃጠልኩ ወዲህ ፊታቸውን ማየት አፈርኩ» አለ።

ኢልሃም በልጅነቷ «አንተ» ትለው ነበር፤ አሁን «እርስዎ» ወጣላት። «ምን አሉ እርስዎ?»

«ያን ሶኬት ረስቼ። የሰው ቤት ሊነድ ነበር እኮ።»

ለዓመታት ያዘጋጀችው ንግግር ስለሸፈኑኝ አመሰግናለሁ የሚል ነበር። እሱ ግን ማንንም አልሸፈነም። ያን ቀን ያያት፣ መንቀሉን እንድትመሰክርለት ነበር። እሷ ዓይኗን ስትሰብር ራሱን ተጠራጠረ።

ይመኙሽ ነገሩን ሳታውቅ አባሰችባት። «ከዚያ ወዲህ እኮ መብራት የሚባል ነገር አይነካም» አለች እየሳቀች። «አምፖሉን የማጠፋው እኔ ነኝ። የከሰል ካውያውን አጥፍቶ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከመንገድ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ጎንደር ልብስ ማምረቻ ተከፍቶ በኤሌክትሪክ መኪና ስፋ ብለው ቢለምኑት፣ የኔ ጭንቅላት ጦርነት ላይ ቀርቷል፣ የሰው ንብረት አላቃጥልም ብሎ ቀረ።»

ኢልሃም ከወንበሩ ወርዳ ተንበረከከች። «አያ ዳኛው፣ ነቅለውት ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ሶኬቱን። ነቅለው ወጡ። እኔ ነኝ መልሼ የሰካሁት። ጨርቁንም የደረብኩበት እኔ ነኝ።»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «ደግመሽ ንገሪኝ።»

ደገመችለት። ሦስተኛ ጊዜም አስደገማት። ከዚያ ቀኝ እጁን ገልብጦ መዳፉን አየ። «እጄ ሶኬቱን ሲይዝ ትዝ ይለኝ ነበር» አለ። «ሲሞቅ ራሱ ትዝ ይለኝ ነበር። ውሸት ነው፣ ጭንቅላትህ ነው ብዬ ተውኩት።»

ይመኙሽ መሳቋን ትታለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» አለች። «አንቺ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሰው እንደ በሽተኛ ስጠብቀው ኖርኩ እኮ! ጎንደርና ማክሰኝት ስንት ሰዓት ነው?»

«ይመኙሽ፣ ያኔ ሕፃን ነበረች» አለ ዳኛው።

«ሕፃንነቷስ መቼ ነው ያለቀ? ትናንት ነው?»

ይመኙሽ ወደ ጓዳ ገባች፤ ኢልሃም እስክትሄድም አልወጣችም።

ዳኛው መነጽሩን መልሶ አደረገ። ኋላ፣ ሌላ ወሬ ማንሣት የፈለገ ይመስል፣ «ያ ሰውዬስ? ቤቱ ገባ?» ብሎ ጠየቃት።

«ገባ። እርስዎ እንዳሉት ነው። ቤቱን ነበር የሚፈልገው።»

«እሰይ» አለ። ከዚያ እጇን ያዘ። «ከአንቺ ምንም አልፈልግም። ለሐጂ ብቻ ንገሪልኝ። ያን ቀን ነቅዬ እንደወጣሁ ይወቁልኝ።»

ሐጂ ዐብዱረሕማን ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ሱቁን ሸጠው ቤት ውለዋል። በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነገረቻቸው። የመስበሓቸውን ዶቃ እያሻሹ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«አንቺ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር» አሉ። «እኔስ? ሰውየው ነቅያት ሲል ጀምሮ ተወው። ምን ልትል ነበር ብዬ አልጠየቅኩትም። ወታደር ነው፣ ማን ያውቀዋል ብዬ ነው።» «ነገ ውሰጂኝ።»

በማግስቱ መኪና ተከራይታ ወሰደቻቸው። ዳኛው ከቤቱ ወጥቶ በክንዳቸው ደግፎ አስገባቸው። ሐጂ አልቀመጥም አሉ። «ዳኛው፣ አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ» አሉት ቆመው። እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊይዝ ሲል ከለከሉት፤ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ። ይመኙሽ ሚሪንዳ አስመጣች። ለሐጂ በሁለት እጇ ሰጠች፤ የኢልሃምን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሳታያት አስቀመጠችው።

ሐጂ በዓመቱ ሞቱ። ዳኛው ጎንደር ድረስ መጥቶ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። ካውያውን ለማየት ከመንገድ መመለሱን ግን እስካሁን አልተወም፤ ማወቁ ልማዱን አልሻረለትም። ኢልሃምን ከሁሉ የሚያስጨንቃት ይኸ ነው።

ባለፈው መስከረም ይመኙሽ ስልክ ደወለች። ሰላምታዋ አጭር ነበር። «ልጄ ዘንድሮ አሥረኛ ናት፤ እንግሊዝኛ ከብዷታል» አለች። ኢልሃም ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ማክሰኝት ትሄዳለች።

«እንግዲህ ይቅር ብላሻለች ማለት ነው» አልኳት አንድ ቀን።

«አይመስለኝም» አለች የተማሪዎቿን ደብተር እየሰበሰበች። «ትምህርቱን ስጨርስ ይመኙሽ እስከ ውጭው በር ትሸኘኛለች። ግን ቤት ግቢ ብላኝ አታውቅም፤ በረንዳው ላይ ነው የማስተምራት።»