ያልወረድኩበት ብስክሌት

የማስቲሽ ሽታ ሲሸተኝ ዛሬም አንድ እሁድ ይመጣብኛል። ትናንት ቡራዩ ከታክሲ ወርጄ ስሄድ አንድ ጎሚስታ የሚኒባስ ጎማ ከመነዳሪ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ማስቲሽ ይቀባ ነበር። ያ የሚሰነፍጥ ሽታ በነፋስ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጁ ቀና ብሎ ምን ልርዳዎት አባባ አለኝ። ምንም ብዬው አለፍኩ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለአንቺ ልንገርሽ፣ ልጄ፤ ከዚህ በኋላ የምነግረው ሰው የማገኝም አይመስለኝም።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ሰበታ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ተቀጥሬ ጎማ እለጥፍ ነበር። ጌታዬ ሙያውን በጣልያን ጊዜ የለመደ፣ አንድ ዓይኑ ሸውረር ያለ፣ ምላሱ ግን ቀጥ ያለ ሰው ነው። ወላጆቼ የሚኖሩት ደግሞ ከቡራዩ አልፎ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ፣ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባቴ ገበሬ ነበር። ሲቆጣ በአማርኛ፣ ሲታረቅ በኦሮምኛ ነው፤ እኛ ልጆቹ ቋንቋውን ሰምተን ነበር መሸሽ አለመሸሻችንን የምናውቀው።

በዚያ ዓመት አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የብስክሌት ቡድን ላቋቁም ብሎ ውድድር አወጣ። ከቡራዩ ተነሥቶ ሆለታ ደርሶ መልስ ነው። አንደኛ የወጣውን ፋብሪካው ይቀጥረዋል፣ ለቡድኑ ይነዳል፣ አስመራ ድረስ ሄዶ ይወዳደራል ተባለ። ቀኑን ሙሉ እጁ በማስቲሽ ተጣብቆ ለሚውል ሰው አስመራ የብስክሌት መንግሥተ ሰማያት ነበረች። ሌላ ሐሳብ ከራሴ ጠፋ። ይቺን ካጣሁ እዚያው ጎማ ሥር እንደማረጅ እርግጠኛ ነበርኩ።

ያ መንገድ ዛሬ የምታዪው አይደለም። የጥንቱ ንጣፍ ተበልቶ ጠጠር የፈሰሰበት ኮረኮንች ነበር፤ ከባድ መኪና ሲመላለስበት ደግሞ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተሸንሽኖ በብስክሌት ስትሄጂበት ጥርስሽ ይንቀጫቀጫል። ጎሚስታው መንገዱን ያውቀዋል። «ሰው በቅሎ የሚመርጠው መንገዱን አይቶ ነው» አለኝና ከጓሮ አንድ አሮጌ የተላላኪ ብስክሌት አወጣ። ከባድ ነው፤ ብረቱ የበር መቃን ያህላል። ኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ ፈታ፣ ደወሉን ፈታ፣ የጭቃ መከላከያውን ነቀለና በተገኘው ቦታ ከየት እንዳመጣው የማላውቀው ሰፊ ጎማ አስገባበት። ስስ ጎማ የአስፋልት ነው አለኝ። ነፋሱንም በልክ እንድሞላ ደጋግሞ መከረኝ። ጠጥሮ የተነፋ ጎማ ከጠጠር ጋር ይጣላል፣ ለስለስ ያለው ግን አቅፎት ያልፋል ይል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይገባ ከሰበታ እስከ ዓለም ገና እየተመላለስኩ ተለማመድኩ።

አባቴ ከክረምት ጀምሮ ያመው ነበር። ከውድድሩ በፊት ባለው ሐሙስ ልጠይቀው ሄድኩ። ግድግዳ ተደግፎ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል። ከሩቅ ሲያየኝ «ፈርደ ሲቢላ መጣ» ብሎ ሳቀ፤ የብረት ፈረስ ማለቱ ነው። ገብስ የማይበላ፣ ውሃ የማይጠጣ፣ ግን ባለቤቱን አጥንት ብቻ ያስቀረ ፈረስ እያለ ቀለደብኝ። ደህና ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሁድ የት የት እንደምናልፍ ነገርኩት።

«እሁድ መንገዱ ዳር ወጥቼ አይሃለሁ» አለኝ።

«አባ፣ ብርዱ ይጎዳዎታል፤ ይቅርብዎት» አልኩት።

«እወጣለሁ አልኩህ። አንተ ግን እኔን አይተህ እንዳትቆም። ሰላምታ ምናምን ብለህ እንዳታዘገይ። አልፈኸኝ ሂድ።»

ይህን ቃሉን በኋላ መጽናኛ ላደርገው ስንት ዓመት ታግያለሁ። እምቢ ይለኛል።

እሁድ ገና ሳይነጋጋ ወደ ቡራዩ በሚወስደን የጭነት መኪና ላይ ብስክሌቴን ልጭን ስመጣ፣ ጎሚስታው ከሱቁ ጀርባ ከአንድ ሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ አገኘሁት። ሰውየው የመንደራችን ሰው መሰለኝ። ጠጋ ስል ፊቱን አዙሮ ሄደ። ማነው ብዬ ጌታዬን ብጠይቀው ጎማ ሊያሠራ የመጣ ነው አለኝ። ከዚያ ፖምፓውን አንሥቶ እኔ የሞላሁትን ጎማ እንደገና መንፋት ጀመረ። ይነፋል፣ ይነፋል፤ አያየኝም። ስጫነው ጎማው ድንጋይ ሆኗል። «ጋሼ፣ ራስዎ እኮ ነዎት ለስለስ ይበል ያሉኝ» ስለው እጁ ላይ ያለውን ነገር አሁን ገና ያየ ይመስል ደንግጦ ተወው። እኔም ለእኔ ተጨንቆ ነው ብዬ ነፋሱን ተንፈስ አደረግሁ።

ከሃያ የማንበልጥ ተሰልፈን በሦስት ሰዓት ተነሣን። ከሁሉም የሚያስፈራው አንድ የአስመራ ልጅ ነበር። ወንድሙን ሊጠይቅ መጥቶ አዲስ አበባ የቀረ፣ ዝምተኛ፣ ቀጭን ልጅ። ብስክሌቱ በአንድ እጅ የምትነሣ፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ፣ ጎማዋ ጣት የምታህል እውነተኛ የእሽቅድምድም ብስክሌት ናት። መለዋወጫ ጎማ ትከሻው ላይ አጣምሮ አስሯል። የእኔን ብስክሌት ያዩ ሰዎች ደብዳቤ ይዘህ ነው ወይ እያሉ ሳቁብኝ።

ሜዳው ላይ ጥሎን ሄደ። ኮረኮንቹ ሲበረታ ግን ጎማው ፈነዳና ደረስኩበት። አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ቀይሮ እንደገና አለፈኝ። የእኔዋ ከባድ ብረት ዳገት ላይ ታለቃቅሳለች፣ ሽንሽኑ ላይ ግን ሌሎቹ እንደ ፌንጣ ሲዘሉ እሷ መሬቱን ሳትለቅ ትሄዳለች። አቧራው ጥርሴ መሃል ይፈጫል፤ የባሕር ዛፍ ሽታና የከባድ መኪና ጭስ በየተራ ይመጣል። ወደ መንደራችን በሚገባው መንገድ አጠገብ ስንደርስ አንገቴን አስግጌ አባቴን ፈለግሁ። እሱ ብቻ አይደለም፣ ከመንደራችን አንድም አዋቂ ሰው አልወጣም። ሁለት ሕፃናት ብቻ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ። ብርዱን ፈርቶ ነው አልኩ፤ መንደሩን ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀየምኩት።

ሆለታ ዞረን ስንመለስ እኔና የአስመራው ልጅ ብቻ ቀረን። ጎማው ሁለተኛ ፈንድቶበት ለጥፎት ስለነበር ፈራ ፈራ እያለ ነው የሚነዳው። የቀሩት ከኋላችን አቧራቸው እንኳን አይታይም። አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ቀርቶን ሳለ፣ ለሦስት አራት መንደር የሚያገለግለው ቤተ ክርስቲያን መታጠፊያ ጋ ስንደርስ መንገዱ በሰው ተሞልቶ አገኘነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፣ ጥላ የያዘ ዲያቆን፣ ከመሃል በሰሌን የተጠቀለለ ቃሬዛ። ቀብር ነው። ሙሾው ከሩቅ ይሰማል።

በእኛ አገር ሬሳ ሲያልፍ ፈረሰኛ ከፈረሱ ይወርዳል፣ በቅሎ የጫነም ይቆማል። የማታውቂው ሰው ቢሆንም ጥቂት እርምጃ ትሸኛለሽ፤ ነግ በእኔ ነው። ይህን ማንም አስተምሮኝ አይደለም፣ ከእናቴ ጀርባ ሳልወርድ የማውቀው ነገር ነው። የአስመራው ልጅ ፍሬን ያዘ። ወርዶ ብስክሌቱን ቦዩ ዳር አጋደማትና ቆቡን አወለቀ። እኔ ዝም ብዬ ፔዳሌን ስረግጥ አይቶ «ወንድሜ፣ ውረድ እንጂ» አለኝ።

አልወረድኩም። ከወረድኩ እንደገና ይቀድመኛል። ይቅር በለኝ፣ ተመልሼ መጥቼ እሸኛለሁ አልኩ ለእግዜር፣ እግዜር ደንበኛዬ ይመስል። በመንገዱ ጠርዝና በሕዝቡ መሃል የቀረችው ስፋት አንድ ክንድ አትሆንም፤ ልል ጠጠር የተከመረባት ነች። ስስ ጎማ እዚያ ቢገባ ይንሸራተታል። የእኔ ሰፊ ጎማ ግን አለፈ። ራሴን መሪው ላይ ደፍቼ ስለነበር ያየሁት እግር ብቻ ነው፤ ባዶ እግር፣ ኮንጎ ጫማ፣ አቧራ የለበሰ ተረከዝ። እነሱ አጠገብ ስደርስ ሙሾው ቀጥ አለ። ዝም። የሰንሰለቴ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። እስካልፋቸው ድረስ አንዲት ሴት እንኳን አልተነፈሰችም። እኔ ሞኙ ለእኔ አድንቀው ዝም ያሉ መሰለኝ። ጉልበት ጨመረልኝ።

አንደኛ ወጣሁ። ዋንጫ ሰጡኝ፣ ከፋብሪካው የመጡት ሰዎች እጄን ጨበጡኝ። ዋንጫውን ይዤ በቀጥታ አባቴ ዘንድ ልበር ስል ጎሚስታው ክንዴን ያዘኝ። አባትህ ዛሬ ለሐኪም ከተማ ሄዷል፣ ነገ አብረን እንሄዳለን አለኝና መኪናው ላይ አሳፈረኝ። ሰበታ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ። ሌሎቹ ለምን እንደማይበሉ አልጠየቅሁም። የጎሚስታው ሚስት ሥጋውን እየመረጠች ታጎርሰኛለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ጭስ ነው አለችኝ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጎሚስታው ጋቢውን አዘቅዝቆ ከፊት ቆሟል፣ ከኋላው የሰፈሩ ሽማግሌዎችና አጎቴ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ደጅ ሲቆም ትርጉሙን የማያውቅ አበሻ የለም። መርዶ በጠዋት ነው፣ ሰው ቤቱ እያለ ነው፣ በወዳጅ አፍ ነው። ማንም ምንም ሳይለኝ ጮህኩ።

ቅዳሜ ማታ ነበር የሞተው። ያ ከሱቁ ጀርባ ያየሁት ሰው ሊነግር የመጣ ነው። ልጁ መንገድ ላይ መርዶ አይረዳም፣ ውድድሩን ይጨርስ ብለው መከሩ። ክፉ አላሰቡም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

የቀረውን የነገረኝ አጎቴ ነው፣ ለቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጦ፣ ሊያጽናናኝ ብሎ። «ስትመጣ ከሩቅ አየሁህ» አለኝ። «ሙሾውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ፣ አባኮ፣ የእኔ አባት። ልጁ በመንገድ እንዳይሰማ፣ ዝም በሉ አልኳቸው። እናትህንም አፏን በነጠላ ያዝኩላት።»

ደግ ሥራ መሥራቱን ነው የነገረኝ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ያልፈራሁት ነው የደረሰብኝ። እናቴ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ፋብሪካው ቀጠረኝ፤ ቡድኑ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ፣ አስመራንም አላየኋት። እስከ ጡረታ ድረስ ክር ሳጠነጥን ኖርኩ። ብስክሌት ላይ ከዚያ በኋላ አልወጣሁም። ዛሬ ሰዎች «ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ሲመርቁኝ አሜን አልልም።

በሰልስቱ ቀን የአስመራው ልጅ መጣ። ከቡራዩ ጀምሮ ብስክሌቱን እየገፋ ነው የመጣው፤ አልነዳትም። አንድ ጥግ ተቀመጠ። ሰው ቀለል ሲል ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ውድድሩ አንድ ነገር አላነሣም። ሰዎች ነግረውኝ ስለነበር ጠየቅሁት፤ ቃሬዛውን ይዘህ ነበር ወይ አልኩት።

ይዤ ነበር አለኝ። አንዱ ሰው ደክሞት ሲለቅ ተቀበለው፤ በግራ በኩል፣ በእግሩ ወገን። ከመታጠፊያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ሳይቀየር ወሰደው። አፈር እስኪመለስ ቆየ፣ ከዚያ ብስክሌቱን ሊያነሣ ሄደ።

«ከበደህ?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅሁት አላውቅም።

ቆቡን በእጁ ያገላብጣል።

«አልከበደኝም» አለኝ። «ይቅር በለኝና፣ በጣም ቀሎኝ የሞተው ሕፃን ልጅ መስሎኝ ነበር።»

ስለ አባቴ ቀብር የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነው።