ስኳር አለብዎት?

የአርማታ መኪናውን ሹፌር ስም ፍላቂት ውስጥ የሚያውቅ የለም። ዙልፋ እንኳ፣ ከመንገዱ ዳር ሻይ የምትሸጥለት፣ የምታውቀው ያለ ስኳር እንደሚጠጣ ብቻ ነው። ሞተር አያጠፋም። ከኋላ ለወንዙ ድልድይ የተቦካው አርማታ በትልቁ በርሜል ውስጥ እየዞረ፣ እሱ ቆሞ ፉት ይላል። በመሀል ሄዶ በርሜሉን እንደታመመ ልጅ ግንባር በመዳፉ ይዳስሰዋል፤ ሞቅ ካለው መድረቅ ጀምሯልና ሻዩን ጥሎ ይነሳል።

አንድ ቀን አላስችል አላት።

«ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»

«የለብኝም፤ ግን አለኝ» ብሎ ሳቀና ከመኪናው ወንበር ሥር አፉ የታሰረ ፌስታል አሳያት። «አምስት ኪሎ ነው። መንገድ ከተዘጋብኝ በርሜሉ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ስኳር የቀመሰ አርማታ ቶሎ አይደርቅም። ወንዙ ጋ ሳልደርስ ከደረቀማ ድልድዩም ቀረ፣ መኪናዬም ድንጋይ ተሸከመ።»

«ሻዩስ ታዲያ?»

«እሱ ሌላ ነው» አለና ብርጭቆውን መለሰላት።

ድልድዩ ባለቀ ሰሞን በባዶ መኪና መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩን አጠፋ። ፌስታሉን እንደታሰረ አስረከባት።

«አንድም ቀን አላስፈለገኝም፤ ተመስገን» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ወንዝ እህቴን ከወሰዳት ወዲህ ሻይ አጣፍጬ አላውቅም። ዛሬ አጣፍጪልኝ።»

የዙልፋ ልጅ ሂንድ ያን ጠዋት ጫማዋ ሳይረጥብ ወንዙን ተሻግራ ትምህርት ቤት ገብታለች። ዙልፋ ፌስታሉን ፈታች። «አልሐምዱሊላህ» እያለች ማንኪያውን ሦስት ጊዜ ሞልታ ጨመረችለት።