ቅጣት የሚወረውረው ሰው

የቅርጫት ኳሱ ዳኛ ፊሽካ ነፋ። ሃልቮር ቴቨን ጎኑን ይዞ ከወለሉ ተነሣ። በክርን የተደቆሰው እሱ ነው፤ ኳሷን አንሥቶ ግን ለሌስተር ብራንት አቀበለ። ሌስተር በሁለት እጁ ከጉልበቱ በታች አንሥቶ ለቀቃት። ገባች።

«አምበላችን ይደቆሳል፣ አንተ ታገባለህ» አለ ኔልስ የሚባለው ተከላካይ። «ሥራ እንዲህ ሲከፋፈሉት ነው።»

ሃልቮር ሳቀ። ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም።

ሚኒሶታ ነው፤ በፈረንጆቹ 1910፣ ጥር። ያኔ የቡድኑን ቅጣት ሁሉ የሚወረውረው አንድ ሰው ነበር፤ የሚመርጠውም አምበሉ። ሃልቮር የስንዴ ገበሬ ልጅ ነው። በወንድሙ ኮት ኮሌጅ ሲገባ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ስም ያወጣው ቅጣት ወርውሮ ነው። ሦስት ክረምት እሱ ወረወረ። በአራተኛው፣ አምበል በሆነበት ዓመት፣ ሌስተር አዲስ ተማሪ ሆኖ መጣ። ልምምድ ላይ ልጁ ከሃያ አሥራ ስምንት አገባ፤ ሃልቮር አሥራ ሦስት።

«አምበሉ አንተ ነህ፤ ምረጥ» አሉት አሠልጣኙ።

ሌስተርን መረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ልጁ ባገባ ቁጥር ወደ ወለሉ ያያል።

በባቡር በየከተማው ዞሩ፤ ጥግ ላይ ምድጃ በሚነድባቸው አዳራሾች ተጫወቱ። በየደረሱበት ተመልካቹ «ሌስተር የቱ ነው?» ይላል፤ ሃልቮር የጫማውን ከረጢት ተሸክሞ ያልፋል። ቤታቸው ያሳደሯቸው ወይዘሮ ኦስታድ እንኳ ለሌስተር ድንች ደገሙለት።

«ብላ ልጄ፣ እጅህ እንዳይዝል።»

«እኔስ እጅ የለኝም?» አለ ሃልቮር።

«አለህ እንጂ! ሂድና ማገዶ አምጣበት።»

ይባስ ብሎ ልጁ ትሑት ነው። «አምበል፣ አንተ ክርንህን እንዴት ነበር የምትይዘው?» እያለ ይጠይቀዋል። ለጥላቻ እንኳ ሰበብ አልሰጠውም።

መጋቢት ላይ የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ያሸነፈ የዓመቱ አንደኛ ነው። ጥቂት ሰከንድ ሲቀር 23 ለ22 እየተመሩ ፊሽካ ተነፋ፤ ቅጣቱ የእነሱ ነው። ሌስተር እጁን ዘረጋ።

«ዞር በል» አለው ሃልቮር።

«አምበል?»

«ዞር በል አልኩህ!»

«አብደሃል እንዴ?» አለ ኔልስ። «እሱ ዛሬ እኮ አንድም አልሳተም!»

«አምበሉ ማነው?»

ኔልስ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሠልጣኝ ጨዋታ መሀል ከዳር ከተናገረ ቡድኑ ይቀጣል፤ ሰውየው አፋቸውን በኮፍያቸው አፈኑ።

ሃልቮር ወረወረ። ኳሷ የቀለበቱን ጠርዝ መትታ ተመለሰች። ሌስተር ከትከሻዎች መሀል ተወንጭፎ በአየር ላይ ቀለባትና መልሶ አገባት፤ ሁለት ነጥብ። 24 ለ23። ሰዓቱ አለቀ።

ተማሪው ወለሉን ሞላው፤ ሌስተርን ትከሻው ላይ ሰቀለው። ልጁ ከላይ ሆኖ ጮኸ።

«አምበል! ለእኔ ብለህ ነው አይደል የመለስካት?»

ብዙዎች አመኑ። ልብስ መለወጫው ውስጥ ኔልስ ጠጋ አለው።

«እውነት ሆን ብለህ ነው?»

አዎ ቢል የሚያልቅ ነገር ነበር። ሃልቮር የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

«አይደለም» አለ። «ላገባት ነበር። እሱ እንዳያገባት።»

ሌስተር በሩ ላይ ቆሞ ሰማ።

ሚያዝያ ላይ ዘጠኙ ተጫዋቾች የቀጣዩን ዓመት አምበል መረጡ። ሌስተር ስምንት ድምፅ አገኘ፤ ባዶ የነበረው የራሱ የሌስተር ወረቀት ብቻ ነበር።